ተማሪ የሚያነበው የሶሲዮሎጂ ንባብ እንዴት ይመረጣል?

የመግቢያ ሶሲዮሎጂ ኮርስ አውትላይን ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሞላው የንባብ ዝርዝሩ ነው። ካለፈው ዓመት ይገለበጣል። አንድ ወፍራም የአሜሪካ መማሪያ መጽሐፍ ከላይ ይቀመጥና ከሥሩ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ ማንም ያላጣራቸው አሥር ማጣቀሻዎች ይደረደራሉ። ተማሪውም ልማዱን ያውቀዋል፤ ፈተናው ከሃንድአውቱ ስለሚወጣ ዝርዝሩን ዞር ብሎ አያየውም። ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ነው። የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው መመዘኛ አንድ ነው፦ ተማሪው አንብቦ ሲጨርስ «እኛ ጋ እንኳ እንዲህ አይደለም» ወይም «ለካ ነገሩ እንዲህ ኖሯል» የሚያሰኘው ነገር አግኝቷል ወይ? የጽሑፉ ታዋቂነት፣ አዲስነት፣ ስለ ኢትዮጵያ መጻፉ ሁሉ ከዚህ ቀጥለው የሚታዩ ናቸው። የሚከራከሩበት ነገር የሌለው ጽሑፍ፣ ይዘቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ለፈተና ዋዜማ ተሸምድዶ በማግስቱ ይረሳል።

ከርዕስ አይነሡ፣ ከጥያቄ ይነሡ

«ምዕራፍ 7፦ ማኅበራዊ መደብ» ብለው ከጀመሩ የሚያገኙት የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ነው። «ሐኪም ከጽዳት ሠራተኛ አብልጦ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ሊከፈለውስ ይገባል?» ብለው ከጀመሩ ግን ፍለጋው ራሱ ወደ ክርክር ይወስድዎታል። ለዚህ ጥያቄ ጥንድ ሆነው የሚሰጡ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አሉ። ኪንግስሊ ዴቪስና ዊልበርት ሙር በ1945 ያሳተሙት፣ ኅብረተሰብ አስፈላጊ የሆኑ ቦታዎችን ብቁ በሆኑ ሰዎች ለማስያዝ የተለያየ ክፍያና ክብር መስጠት ግድ ይለዋል ይላል። ሜልቪን ቱሚን በ1953 የመለሰላቸው ደግሞ የአንድን ሥራ አስፈላጊነት ማን ለካው ብሎ ይጠይቃል፤ ድኻ ሆኖ የተወለደው ልጅ ችሎታው ሳይታይ የሚቀረው እኮ በዚያው ልዩነት ምክንያት ነው ይላል። ሁለቱም ስምንት ስምንት ገጽ ናቸው። ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን አንብቦ ይምጣና ጥንድ ጥንድ ሆነው ያነበቡትን ይከራከሩበት።

የመጀመሪያውን ብቻ መስጠት አደጋ አለው። ተማሪዎቻችን ከታች ክፍል ጀምሮ የታተመን ነገር እንደ መልስ መቀበል ለምደዋል፤ ዴቪስና ሙርን ብቻ ያነበበ ተማሪ የእኩልነት አለመኖር በሳይንስ ተረጋግጧል ብሎ ፈተና ላይ ይጽፋል። ስለዚህ በሴሚስተር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ላይ እርስ በርስ የሚቃረኑ ጥንድ ንባቦች ይኑሩ።

ስንት ገጽ?

ሒሳቡን ከኮርሱ ክብደት ይጀምሩ። 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት የሚለካበት ነጥብ) ያለው ኮርስ በተለመደው ስሌት ከ125 እስከ 150 የተማሪ ሰዓት ነው፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ክፍል የሚቀመጥበት፣ አሳይመንት የሚሠራበትና ለፈተና የሚዘጋጅበት ሲነሣለት ለንባብ የሚተርፈው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የማንበቢያ ፍጥነቱን ይለኩ። በመጀመሪያው ሳምንት 400 ቃል ያህል ያለው አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ይስጡ፣ የጨረሰ እጁን ያውጣ፣ እርስዎ ሰዓት ይያዙ። የሚፈልጉት በመሃል የጨረሰውን ተማሪ ሰዓት ነው፤ ቀድመው እጃቸውን የሚያወጡት ሦስቱ ልጆች ያሳስቱዎታል። የመሃሉ ተማሪ አምስት ደቂቃ ከፈጀበት 15 ገጽ ለመጨረስ 75 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ቃል መፈለግና ማስታወሻ መያዝ ሲጨመርበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ስሌት ለአንደኛ ዓመት በሳምንት ከ12 እስከ 15 ገጽ፣ ለሦስተኛ ዓመት ከ20 እስከ 25 ገጽ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ተማሪው ግማሹን አያነብም፤ ከነጭራሹ ይተወዋል። ምክንያቱም እንደማይጨርሰው ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ያውቀዋል።

ስለዚህ ይቁረጡ። መቁረጥ ጽሑፉን ማዋረድ የሚመስላቸው መምህራን አሉ፤ ሙሉውን ሰጥቶ ሳይነበብ ከሚቀር ስድስት ገጽ ቢነበብ ይሻላል። የማርክ ግራኖቬተርን የ1973 ጽሑፍ እንመልከት፤ ልል ትውውቅ ከጥብቅ ወዳጅነት ይልቅ ለሥራ ፍለጋ እንደሚጠቅም የሚያሳየውን። 21 ገጽ ነው። መሃል ላይ ያለው የማኅበራዊ መረብ ሞዴል (ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳየው) ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከባድ ነው፤ የመክፈቻውን ክፍልና ስለ ሥራ ፍለጋ የተጻፈውን ብቻ ያስቀሩለት። እዚያ አንድ ትንሽ ቁጥር አለች፦ ቦስተን አጠገብ ባለ ከተማ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው ያዘወትሩ የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ አልፎ አልፎ የሚያገኙት 55.6፣ ከስንት አንዴ የሚያዩት 27.8 በመቶ።

ይህንን ያነበበ የእኛ ተማሪ ወዲያው ይነሣል፤ «እዚህ ሥራ የሚያስገባው ዘመድ ነው!» ይላል። ያንን ክርክር ባዶ ሜዳ ላይ አይተዉት። ያንጂ ቢያን በ1997 ያሳተመው የቻይና ጥናት ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥቶ ሌላ መልስ ያገኘ ነው፤ በቲያንጂን ከተማ በ1988 በተሰበሰበ መረጃ፣ መንግሥት ሥራ በሚመድብበት ሥርዓት ውስጥ ጥብቅ ግንኙነት ከመረጃ ይልቅ ውለታ ለማስገኘት ያገለግል እንደነበር ያሳያል። ከእሱም ሦስት አራት ገጽ ይበቃል። አሁን ተማሪው «አሜሪካ እንዲያ፣ እኛ እንዲህ» ከማለት ወጥቶ የሥራ ገበያው ዓይነት ግንኙነቱን እንዴት እንደሚቀይረው ወደ መጠየቅ ይሻገራል።

አገር ውስጥ ያለ ጽሑፍ፣ ከእነወጥመዱ

ንባቡ ከተማሪው ሕይወት ይጠጋ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጥናት ነው። ጥሩዎቹ አሉ። ዳንኤል ሜንስ ጅማ ውስጥ ተምረው ሥራ ያጡ ወጣት ወንዶችን ያጠናበት በ2007 የታተመ ጽሑፍ፣ ወጣቶቹ ዝቅተኛ ናቸው ከሚሏቸው ሥራዎች የሚሸሹት ሰው ምን ይለናል በሚል እንደሆነ ያሳያል። የመመረቂያ ዓመቱ የቀረበ ተማሪ ይህንን ሳይጨርስ አያስቀምጠውም። የአለን ሆበን የ1973 መጽሐፍ ስለ ጎጃም ደጋ ዳሞት የርስት ሥርዓት ነው፤ አንድ ሰው በእናትም በአባትም ወገን ቆጥሮ እንዴት መሬት እንደሚጠይቅ የሚያስረዳው ክፍል ለዝምድና ትምህርት የሚተካው የለም። ነገር ግን ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የሚገልጽ መሆኑን በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፉለት፤ ካልጻፉ «በጎጃም መሬት የሚገኘው በርስት ነው» የሚል የፈተና መልስ ያርማሉ።

ከጥናት ጽሑፍ ይልቅ አንዳንዴ የሚሻለው ግን ሰነድ ነው። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ይውሰዱ። ከአምስት እስከ አሥር ገጽ የማይበልጥ በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ነው፤ ማንም ተማሪ እድርን አውቃለሁ ይላል፣ ደንቡን ግን ያነበበው ጥቂት ነው። የእድሩን ሰብሳቢ አስፈቅደው ኮፒ ያድርጉ፤ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ማኅተም ይሸፍኑ። ከዚያ ተማሪው አንቀጽ በአንቀጽ እነዚህን ይፈልግ፦ ቤተሰብ ተብሎ የተቆጠረው ማን ነው? ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለወንድምና እኅት የሚከፈለው እኩል ነው? የባል ወላጅና የሚስት ወላጅስ? ቀብር የቀረ ምን ያህል ይቀጣል፣ ድንኳን ተከላ የቀረስ? የወር መዋጮ ስንት ጊዜ ያልከፈለ ይሰረዛል? በእነዚህ አምስት አንቀጾች ውስጥ የፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት የዱርካይም የኅብር ሐሳብም (ኅብረተሰብን አስተሳስሮ የሚያቆየው ምንድን ነው የሚለው)፣ የጀርመናዊው የማክስ ቬበር የቢሮክራሲ መገለጫዎችም አሉ፤ የተጻፈ ደንብ፣ በድርሻ የተለየ ሥልጣን፣ ደረሰኝ፣ መዝገብ። በማግስቱ አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለማርያም በ2000 ስለ እድር ታሪክና ተግባር የጻፉትን ጥቂት ገጽ ሲሰጡት የሚያነበው የሚጠይቀው ነገር ይዞ ነው።

ሌላው የሚያሠራ ሰነድ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም ተማሪው የሙያ ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ ያገኛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 7 ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ጋብቻ መፈጸም እንደማይችሉ ይደነግጋል። ከጎኑ የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሠንጠረዥ ያስቀምጡ፦ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች መጀመሪያ ያገቡበት ዕድሜ ሚዲያን (ግማሾቹ ከዚያ በፊት ያገቡበት የመሃል ዕድሜ) 17.1 ዓመት ነው። ተማሪው ወዲያው «ሕጉ አይከበርም» ብሎ ይደመድማል። ይደምድም፤ ወጥመዱ እዚህ ነው። በ2016 49 ዓመቷ የሆነች ሴት አዋጁ በ2000 ሲወጣ 33 ዓመቷ ነበር፤ በ17 ዓመቷ አግብታ ከሆነ ያገባችው በ1984 አካባቢ ነው። ያልወጣ ሕግ ልትጥስ አትችልም። በዚያ ላይ የፌዴራሉ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ሕጉ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት የትኛው የዕድሜ ክልል፣ የየትኛው ክልል ሴቶች መወዳደር አለባቸው? የዚህ ንባብ መጠን አንድ አንቀጽና አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያስኬዳል።

ከዚያው ሪፖርት ሌላ ሠንጠረዥ ቢፈልጉ የወሊድ መጠኑ (አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር) አለ፤ በአገር ደረጃ 4.6፣ በአዲስ አበባ 1.8፣ በሶማሌ ክልል 7.2። ሪፖርቱ በነጻ ይወርዳል፤ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ግን ሙሉውን ፋይል አይላኩ፤ የሚፈለገውን ገጽ ብቻ ነጥለው ያውጡ። ሠንጠረዥ ማንበብ ያልለመደ ተማሪ በቀጥታ ቁጥሩ ላይ ይወድቃል። ቅደም ተከተሉን ይስጡት፦ መጀመሪያ ርዕሱን፣ ቀጥሎ የተጠየቁት እነማን እንደሆኑ፣ ከዚያ መለኪያውን፣ ከዚያ የግርጌ ማስታወሻውን፣ ቁጥሩን በመጨረሻ።

ይህ ሁሉ ሲባል ዝርዝሩ በሙሉ ስለ ኢትዮጵያ ይሁን ማለት አይደለም። ማወዳደሪያ የሌለው ተማሪ የራሱን አገር እንደ ተፈጥሮ ነገር ያየዋል። ግማሽ በግማሽ ጥሩ መጠን ነው።

ስመ ጥር ሆነው የማይሠሩ

ሆራስ ማይነር በ1956 ስለ «ናሲሬማ» ሕዝብ የአካል ሥርዓት የጻፈው በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። በግድግዳ ውስጥ የተሠራው ሣጥን የመድኃኒት መደርደሪያ፣ የአፍ ቅዱሳኑ የጥርስ ሐኪሞች፣ ሕዝቡም አሜሪካኖች ናቸው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል (Nacirema) ወደ ኋላ ሲነበብ ይገለጣል። ጽሑፉ የሚሠራው ግን አንባቢው የተገለጸው የራሱ ቤት መሆኑን ሲያውቅ በሚደርስበት ድንጋጤ ነው። የእኛ ተማሪ የ1950ዎቹን የአሜሪካ መታጠቢያ ቤት ስለማያውቀው ድንጋጤው አይመጣም፤ «ሌሎች እንግዳ ናቸው» የሚል የተገላቢጦሽ ትምህርት ይዞ ይወጣል። መስጠት ከፈለጉ ሁለት ገጽ ብቻ ይስጡና ተማሪው በዚያው አጻጻፍ የቡና ሥነ ሥርዓትን ወይም የምረቃ ቀንን እንዲገልጽ ያድርጉ፤ ፍሬው የሚገኘው ከዚያ ነው።

የአሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት የራይት ሚልስ የ1959 መጽሐፍ (The Sociological Imagination) የመጀመሪያው ምዕራፍም እንዲሁ። ሁሉም በአንደኛው ሳምንት ይሰጠዋል፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ረጃጅም ናቸው፤ ገና እግሩ ግቢ የረገጠን ተማሪ ያስበረግጋሉ። ከምዕራፉ ውስጥ ስለ ሥራ አጥነት ያለውን አንቀጽ ብቻ ነጥለው ያውጡ፤ 100,000 ሕዝብ ባለበት ከተማ አንድ ሰው ሥራ ቢያጣ የግል ችግሩ ነው፣ ከ50 ሚሊዮን ሠራተኛ 15 ሚሊዮኑ ቢያጣ ግን የኅብረተሰብ ጉዳይ ነው የሚለውን። ከሜንስ የጅማ ወጣቶች ጋር ያያይዙት። ቀሪውን ምዕራፍ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይመለሱበት።

የዱርካይም የ1897 የራስን ማጥፋት ጥናት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ ጉዳዩ በቤተሰቡ ወይም በዶርሙ የደረሰበት አይጠፋም። ጦርነት፣ መፈናቀልና ብሔር ነክ ንባቦችም ያው ናቸው፤ ይቅሩ ማለት አይደለም፣ ግን ሳምንት ቀድመው ይናገሩ፣ ተለዋጭ ንባብ ያዘጋጁ፣ «በራሳችሁ ላይ የደረሰውን አካፍሉ» የሚል ጥያቄ ፈጽሞ አይጠይቁ። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሁለት ወር ውስጥ ባያስገቡት ይመረጣል፤ ክፍሉ እርስ በርስ ለመከራከር ገና አልለመደም።

ስልክ ላይ ይነበባል?

አብዛኛው ተማሪ የሚያነበው በስልኩ ነው፤ ፋይሉም የሚደርሰው በቴሌግራም ነው። በሁለት ዓምድ የታተመ ጽሑፍ ስልክ ላይ በእያንዳንዱ ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሳል፤ ሠንጠረዥ ደግሞ ጭራሽ አይነበብም። ሠንጠረዥ ያለባቸውን ገጾች ያትሙ። ገጾቹን በስልክዎ በካምስካነር መተግበሪያ የሚያነሡ ከሆነ መብራቱ ከጎን ይምጣ፣ ሁለት ገጽ በአንድ ምስል አይያዝ፣ የግርጌ ማስታወሻው እንዳይቆረጥ ይዩ። የፋይሉን ስም «ሳምንት 4፣ እድር፣ 6 ገጽ» ብለው ይሰይሙ፤ የቁጥርና የፊደል ጥርቅም የሆነ ስም ያለውን ፋይል ማንም ከሳምንት በኋላ አያገኘውም። የገጹን ብዛት ስሙ ላይ ማስቀመጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስድስት ገጽ መሆኑን ያየ ተማሪ ግን ይከፍተዋል።

ጽሑፉን ራስዎ ካላገኙት ቤተ መጻሕፍቱን ስለ ሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ አገሮች የጥናት መጽሔቶችን በኢንተርኔት የሚያቀርብ አገልግሎት) የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቁ፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ናት። የድኅረ ምረቃ የመመረቂያ ጽሑፎችም አሉ፤ ከእነሱ የግኝት ምዕራፉን ብቻ ይውሰዱ፣ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ የሚለውን ክፍል እንኳን ተማሪ አማካሪውም በግድ ነው የሚያነበው።

ከመስጠትዎ በፊት ይፈትኑት

ሁለት እጩ ጽሑፎች ካሉ ለሦስት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ይስጡና እነዚህን ይጠይቋቸው፦ የት ላይ አቆማችሁ? የትኛውን ቃል ፈለጋችሁ? ለዶርም ጓደኛችሁ ስለዚህ ጽሑፍ ብትነግሩት ምን ትሉታላችሁ? «ወደድነው» የሚለው መልስ አይጠቅምም። ለሦስተኛው ጥያቄ ሦስቱም «ስለ ሥራ አጥነት ነው» ብለው ርዕሱን ብቻ ካወሩ ጽሑፉ የሚያከራክር ነገር የለውም ማለት ነው፤ ይጣሉት። ሦስቱም አንድ ገጽ ላይ ካቆሙ ደግሞ ያንን ገጽ ይቁረጡት ወይም ክፍል ውስጥ አብረው ያንብቡት።

የተመረጠው ጽሑፍ ለብቻው አይሰጥም፤ ግማሽ ገጽ መምሪያ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይያያዝለት። መምሪያው ላይ ጽሑፉ መቼና የት እንደተጻፈ በአንድ መስመር፣ የሚዘለሉ ገጾች፣ ከስድስት እስከ ስምንት ከባድ ቃላት ከነትርጉማቸው፣ ሁለት ጥያቄዎች ይኑሩ። አንደኛው ጥያቄ ገጽ የሚያስጠቅስ ይሁን፤ ሁለተኛው ጽሑፉን ተማሪው ከሚያውቀው ሰፈር፣ ደንብ ወይም ቁጥር ጋር የሚያጋጥም። «የጸሐፊውን ዋና ሐሳብ አብራሩ» የሚለውን ቻትጂፒቲ በግማሽ ደቂቃ ይሠራለታል። «በተሰጣችሁ የእድር ደንብ ውስጥ ከፓንክረስትና ዳመን ገለጻ ጋር የማይስማማ አንቀጽ ፈልጉ» የሚለውን ለመመለስ ግን ደንቡን መክፈት ግድ ነው።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ንባብ ጎን ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ ሳይጠራ ተናገረበት፣ በፋይናል ፈተና ላይ ስንቱ በገዛ ፈቃዱ ጠቀሰው። በሁለቱም ዜሮ ያለውን ለቀጣዩ ዓመት ያውጡት። በአንድ ዓመት ከሲሶው በላይ ግን አይቀይሩ፤ ሁሉም አዲስ ከሆነ ያልሠራው ንባቡ ይሁን የእርስዎ ጥያቄ መለየት አይቻልም።